ጀማሪ ነኝ፣ የትኛውን ብስክሌት ልግዛ?

ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ አየኋቸው፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። መልሶቹ ለመዝናናትና ሰውነቱን ለማፍታታት ለሚነዳ ሰው ናቸው። ውድድር ያሰበ ካለ የእሱ ነገር ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ማውንቴን ይሻለኛል ወይስ ኮርስ?

መልስ፦ መንገድህ ይወስናል። ብዙ ሰው ተራራ እያለመ ጥርሳም ጎማ ያለው ማውንቴን ይገዛና አስፋልት ላይ ብቻ ይነዳዋል። ያ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ጉልበትም ይበላል። ኮርስ ፈጣን ነው፤ ግን ጎንበስ ያስብላል፣ ቀጭን ጎማውም ጉድጓድ አይወድም። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው በሁለቱ መሃል ያለውን፣ ሃይብሪድ የሚባለውን ነው። መሪው ቀጥ ያለ፣ ጎማው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ አስፋልቱንም ደህና የጠጠር መንገዱንም ይሄድልሃል።

ጥያቄ፦ አጠር ያልኩ ሴት ነኝ፣ 1 ሜትር ከ55። ስንት ቁጥር ልግዛ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ልክሽ ያልሆነ ብስክሌት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። የአንዱ አምራች ትንሽ የሌላው መካከለኛ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን መነሻ ብቻ አድርጊው። ጫማሽን እንዳደረግሽ የፍሬሙን የላይኛውን ብረት በእግሮችሽ መሃል አድርገሽ ቁሚ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑርሽ። ቀጥሎ ተቀመጪና መሪውን ያዢ። ክርንሽ ትንሽ ካልታጠፈ፣ ትከሻሽም ወደ ፊት ከተሳበ ፍሬሙ ረዝሞብሻል። መቀመጫ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፍሬም ግን አያጥርም። ሻጩ «ትለምጂዋለሽ» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ።

29 ኢንች ጎማ ትንሽ ፍሬም ላይ ሲገጠም ደግሞ ስትታጠፊ የጫማሽ ጫፍ የፊት ጎማውን ሊነካ ይችላል። ለቁመትሽ 26 ወይም 27.5 ኢንች ሞክሪ።

ጥያቄ፦ ባለ 21 ማርሽ ከባለ 8 ይበልጣል አይደል?

መልስ፦ አይበልጥም። 21 ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ጥርሳም ክብ ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ጥምረቶች ግን ተደራራቢ ናቸው። ዳገት ላይ የሚያድንህ በጣም ቀላሉ ማርሽ ነው። ጥርሶቹን ቁጠር። የፊቱ ትንሹ 28፣ የኋላው ትልቁ 34 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ዳገቱን እያወራህ ትወጣለህ ማለት ነው። ደህና፣ ማውራቱን እንኳ አጋንኜው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ርካሽ አገኘሁ። ልውሰደው?

መልስ፦ ተወው። ርካሽ ሾክ ክብደት ይጨምራል፣ ስትረግጥ እየሰመጠ ጉልበትህን ይወስዳል፣ ቶሎም ይላላል። ሰፋ ያለ ጎማ ትንሽ ነፋሱን ቀነስ ብታደርግለት ለተራ መንገድ ይበቃል። ነፋሱ ከስንት እስከ ስንት መሆን እንዳለበት ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ የዲስክ ፍሬን ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። በዝናብ ዲስክ ይሻላል፤ በደረቅ መንገድ ግን ቸርኬውን የሚይዘው ተራ ፍሬን በደንብ ከተስተካከለ ይበቃል።

ጥያቄ፦ መቀመጫው አሳመመኝ። ሰፊና ለስላሳ ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ከፍታውን እይ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግና ወደ ታች ዝቅ አድርገው። እግርህ ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ በጣትህ በኩል ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ ይታጠፋል። ብዙ ጀማሪ መሬት እንዲደርስለት ዝቅ አድርጎ ይነዳና ጉልበቱን ያሳምማል። በጣም ለስላሳ መቀመጫ ደግሞ የመቀመጫ አጥንትህ ሰምጦ ሌላው ሥጋ እንዲጨቆን ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመም ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መግዛትስ?

መልስ፦ እኔ እደግፋለሁ፤ ግን በቀን ብርሃን እዩት። ብረቱ የተበየደበትን ቦታ ሁሉ ለስንጥቅ ፈትሹ። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩ፤ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት። የአዲስ ካቴና 24 ተከታታይ ቀለበት (ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል አንድ ብላችሁ ቁጠሩ) 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.8 ከደረሰ ተስቧል፤ የኋላ ጥርሶቹንም በልቷቸው ይሆናልና ዋጋ አስቀንሱበት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 58 ዓመቴ ነው። ነድቼ አላውቅም፣ እግሬን አንስቼ መሻገርም ይከብደኛል። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ኧረ አልረፈደብዎትም። የላይኛው ብረት ወደ ታች ዝቅ ያለለትን ፍሬም ይግዙ፤ እግር ሳያነሱ ይገቡበታል። ለመለማመጃ ብቻ መቀመጫውን ሁለቱም እግርዎ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ ያስደርጉና ፔዳሎቹን ያስፈቱ። ሜዳ ቦታ ላይ መሬቱን በእግርዎ እየገፉ ይንሸራተቱ። እግርዎን አንስተው ትንሽ መሄድ ሲችሉ ፔዳሉ ይመለስ፣ መቀመጫውም ከፍ ይበል። ለሚፈታልዎት ሰው ይንገሩት፦ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተገላቢጦሽ፣ በሰዓት አቅጣጫ ነው። ባያውቅ አጥብቆት ቁጭ ይላል።