ከመዶሻው በፊት ልኩ፦ ለሪቬት ፈተና ለምትዘጋጅ እህት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በልብስ ስፌት ደረጃ 2 ጨርሰሽ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ አልፈሻል። በአንድ አነስተኛ የቦርሳ ወርክሾፕ ለሁለት ወር በሙከራ ስትሠሪ ሪቬት፣ ማለትም ድርብ ጨርቅና ቆዳ አንድ ላይ የሚይዘውን ትንሽ ብረት፣ መምታቱ ላንቺ ደረሰ፤ ከአሥሩ ሦስት አራቱ ወይ ይጣመማሉ ወይ ደንበኛ እጅ ገብተው ተነቅለው ይመለሳሉ። አሁን ደግሞ አንድ ጂንስ አምራች ለማጠናቀቂያ (ፊኒሺንግ) ክፍሉ የተግባር ፈተና ጠርቶሻል፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ «እጄ ለዚህ ሥራ አልሆነም ማለት ነው?» እና «ይህንን ከመልመድ ስፌት ማሽኔ ላይ ብቀር አይሻለኝም?»

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ሁለተኛው የሚቆመው በሱ ላይ ነውና። እጅሽ ምንም አልሆነ። ነገሩን የነገረኝ ራስሽ የጻፍሽው ነው፤ «ለእጀታውም ለኪሱም ከአንድ ከረጢት እያነሳሁ እመታለሁ» ብለሻል። ችግሩ እዚያ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው።

ቦርሳ ላይ የምትመችው ባለ ሁለት ቆብ ሪቬት ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ክፍት እግር አለው፣ ሌላው ቆብ ነው። ስትመቺው የእግሩ ጫፍ ቆቡ ውስጥ ገብቶ ይነፋና ይይዛል። ለመነፋት ትርፍ ብረት ያስፈልገዋል፤ እግሩ ከተጨመቀው ጨርቅ በላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ ጫፉ ቆቡን ሳይነክስ ይቀራል፤ ለዓይን ግን ያማረ ነው፣ ደንበኛው ቦርሳውን ሞልቶ ሲያነሳ ይለቃል። ከበለጠ ደግሞ ትርፉ መሄጃ ያጣና ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ቆቡ ያዘነብላል፣ ሪቬቱ በጣት ሲነካ ይሽከረከራል። ሁለት የመሰሉሽ ጥፋቶች፣ መነቀሉም መጣመሙም፣ ምንጫቸው አንድ ነው።

ስለዚህ መዶሻ ከማንሳትሽ በፊት ለኪ። ሸራው፣ ቆዳው፣ ገበሩ፣ ማጠናከሪያው፣ ሪቬቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚደራረበው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ይያዝ፤ ሳይጨመቅ አይለካ፣ የላላ ጨርቅ ልክ ይዋሻል። እጀታው ላይ 4 ሚሊ ካገኘሽ ከ6 እስከ 7 ሚሊ እግር ያለው ሪቬት ትመርጫለሽ። ኪሱ ላይ 2 ሚሊ ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ይበቃዋል። የእጀታውን 7 ሚሊ ኪሱ ላይ ስትመችው 5 ሚሊ ትርፍ ይቀራል፤ ያ እንዴትም ቢመታ ይታጠፋል።

አንድ ነገር ሞክሪ። ከተመለሱት አንዱን፣ ደህና ከያዙት ደግሞ አንዱን ውሰጂና በሞርሳ አሥረሽ በብረት መጋዝ መሐል ለመሐል ሰንጥቂያቸው። ደህናው ውስጥ የእግሩ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ራስ ዙሪያውን እኩል ተነፍቶ ታያለሽ። በተበላሸው ውስጥ ወይ እንደ ታጠፈ ስትሮው ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፣ ወይ ጫፉ እንደነበረ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ይህን አንድ ጊዜ በዓይንሽ ካየሽ ማንም ማስረዳት አይኖርበትም።

ቀዳዳውም የራሱ ነገር አለው። ቆዳ ላይ ክብ አድርጎ የሚቆርጠውን መብሻ ተጠቀሚ፣ የቀዳዳው ስፋት ከእግሩ ውፍረት አይብለጥ። ሸራና ጂንስ ላይ ግን ወስፌ ይሻላል። መብሻ የድርና የማጉን ክር ይቆርጣል፤ የተቆረጠ ክር በሸክም ጊዜ ይላላና ቀዳዳው እየሰፋ ሪቬቱ ከነቆቡ ያልፍበታል። ወስፌ ክሩን ሳይቆርጥ ገለል ያደርገዋል፣ ክሩም ተመልሶ እግሩን ያቅፈዋል። ጨርቁ ስስ ከሆነ ይህም አይበቃም፤ ከኋላው ቆዳ ወይም ድርብ ሸራ ይጨመርበት። ሪቬቱ ሳይነቀል ዙሪያው ያለው ጨርቅ ከተቀደደ ጥፋቱ የማጠናከሪያው ነው።

ስትመቺ ከሥር ለቆቡ ልክ የሆነ ጎድጓዳ ድጋፍ፣ ከላይም ጎድጓዳ መምቻ ይኑር። መዶሻው ግማሽ ኪሎ ያህል ይሁን። በባዶ መዶሻ ከመታሽው ቆቡ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ይሰነጠቃልም። ድጋፉ ወፍራም ብረት ወይም ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፣ ያም ከጠረጴዛው እግር በላይ ይሁን፤ መሐል ጠረጴዛ ላይ ከሆነ እንጨቱ ስለሚነጥር የምቱን ኃይል ይበላዋል። መጀመሪያ ቀስ አድርገሽ አስይዢው፣ ቀጥ ማለቱን እዪ፣ ከዚያ ሁለቴ አጥብቀሽ ቀጥ አድርገሽ ምቺ። አሥር ጊዜ መደብደብ የልኩን ስህተት አያርመውም።

የጂንሱ ፈተና ላይ የሚጠብቅሽ ሪቬት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሚስማሩ ሹል ስለሆነ ጨርቁን ራሱ ይበሳል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገባና ቆቡ ከፊት ይቀበለዋል። በእጅ ሲሠራ ሚስማሩ ከረዘመ ከ2 እስከ 3 ሚሊ አስቀርተሽ ጫፉን በቆራጭ ፒንሳ ትቆርጪዋለሽ። ስትቆርጪ መነጽር አድርጊ፣ ጫፉንም በሌላው እጅሽ ሸፍኚው፤ የተቆረጠው ሹል ወደ ዓይን ይፈናጠራል። በጂንስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣምመው የስፌቱ ጉብታ ነው። የሪቬቱ ግማሽ ስድስት ድርብ ላይ፣ ግማሹ ሦስት ድርብ ላይ ካረፈ ልኩ ትክክል ሆኖም ያዘነብላል። ጉብታውን አስቀድመሽ በመዶሻ ቀጥቅጠሽ አስተኚው፣ ወይም ከተፈቀደ ቦታውን ጥቂት ሚሊ ፈቀቅ አድርጊ።

ፈታኞች «ሪቬት ለምን ይደረጋል?» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ጌጥ ነው ብለሽ አትመልሺ። ጃኮብ ዴቪስ የሚባል በአሜሪካ ኔቫዳ፣ ሬኖ ከተማ ይሠራ የነበረ ልብስ ሰፊ፣ የሠራተኞች ሱሪ ኪስ ጥጉ ላይ እየተቀደደ ሲያስቸግር የመዳብ ሪቬት መታበት፤ ከጨርቅ ነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆነው የባለቤትነት መብቱን ያገኙት እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1873 ነው። ሪቬት ቦታው ጨርቅ የሚቀደድበት ጥግ ነው። እዚያው ቦታ ባርታክ፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ የሚሰፋ ማጥበቂያ ስፌትም ይሠራል፤ የሌቪስ ጂንስ የኋላ ኪስ ሪቬቶች ኮርቻና ወንበር ስለሚቧጭሩ እ.ኤ.አ. በ1937 በጨርቅ ተሸፈኑ፣ በ1960ዎቹም በባርታክ ተተኩ። ይህን ካወቅሽ «እዚህ ሪቬት ይሻላል፣ እዚያ ባርታክ» ማለት ትችያለሽ፤ ማሽን የምታውቅ ልጅ እዚህ ላይ ትበልጣለች።

ብረቱንም እወቂው። ትንሽ ማግኔት በኪስሽ ያዢ። የሚስብ ከሆነ የተለበጠ ብረት ነው፣ ልባጡ ሲላጥ ይዝጋል፣ ጨርቁን ያበላሻል፤ ናስና መዳብን ማግኔት አይስባቸውም። ለአውሮፓ የሚላክ ልብስ ላይ ደግሞ ቆዳ ለረጅም ጊዜ የሚነካ ሪቬት የሚለቀው ኒኬል በሳምንት ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። የልጆች ልብስ ከሆነ የመነቀል ፈተናም አለ፤ ብዙ ገዢዎች የሚጠይቁት 90 ኒውተን፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ፣ ለ10 ሰከንድ ነው። መርካቶ ከሚሸጠው የመንጠቆ ሚዛን አንዱ ካለሽ ራስሽ ቤት ውስጥ መገመት ትችያለሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ማሽንሽን አትተዪ፤ ይህን ጨምሪበት። ሪቬት ብቻ የሚመታ ሰው በፋብሪካ በቀላሉ ይተካል፣ ፔዳል የሚረግጥ ማንም ይሠራዋል። የማይተካው ጨርቁን ለክቶ ሪቬቱን የሚመርጥ፣ የማሽኑን መምቻ ቅርጽ (ዳዩን) የሚቀይር፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ፍሬ ፈትሾ ማሽኑን የሚያስጀምርና ጥፋት ሲመጣ ምክንያቱን የሚያገኝ ነው። ከኦፐሬተርነት ወደ ጥራት ተቆጣጣሪነት የሚወስደውም መንገድ ይኸው ነው።

ተስፋሽን ግን ኤክስፖርት ላይ ብቻ አትጣይ። ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስትታገድ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ያሉ የልብስ ሠራተኞች ምን እንደደረሰባቸው የምታውቂው ነው። ይህ ሙያ ከፓርኩ ውጭም ሥራ አለው፤ የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ የሚሠሩ፣ ጫማ ሠሪዎች፣ የመኪና ሸራና ድንኳን የሚሰፉ ሁሉ ሪቬት ወይም የገመድ ቀለበት ይመታሉ። ሥራውን ካገኘሽም ያለሽበትን ወርክሾፕ ባለቤት ሳታስቀይሚ ውጪ፤ ነገ ሥራ ሊያመጣልሽ የሚችል ሰው ነው።

በቀሩሽ ሦስት ሳምንታት የናሙና ሰሌዳ ሥሪ። አሥራ ሁለት ቁራጭ ጨርቅና ቆዳ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሪቬት፤ ከሥሩ የጨርቁ ዓይነት፣ ስንት ድርብ እንደሆነ፣ የተጨመቀው ውፍረት፣ የእግሩ ርዝመት፣ በወስፌ ወይም በመብሻ መሆኑ ይጻፍ። የተበላሹትንም አትደብቂ፤ የሰነጠቅሽውን ሪቬት አጠገባቸው ለጥፈሽ ለምን እንደተበላሹ ጻፊበት። ብዙ አመልካች ያማረውን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ፈታኝ ደግሞ የሚፈልገው ጥፋት የሚገባውን ሰው ነው።

የፈተናው ቀን ሥራ ሲሰጡሽ ቶሎ አትምቺ። ከዚያው ጨርቅ ቁርጥራጭ ጠይቂ፣ ለኪ፣ ሁለት የሙከራ ሪቬት ምቺ፣ በጣትሽ አሽከርክሪ፣ ጀርባውን በጣትሽ ዳሺ፣ የሚቧጭር ነገር ካለ ተናገሪ። ቁርጥራጭ የለም ካሉሽም «እንግዲያው የመጀመሪያው ፍሬ ለሙከራ ይሁን?» ብለሽ ፍቃድ ጠይቂ። ሰዓቱ ያልቅብኛል ብለሽ አትስጊ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።