ዝም ያለው ልጅ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁለት ሰዎች ተይዘው ለየብቻ ታስረዋል። ሁለቱም ዝም ካሉ አንድ አንድ ዓመት ይፈረድባቸዋል። አንዱ በሌላው ላይ ከመሰከረ እሱ ነፃ ይወጣል፣ ዝም ያለው 10 ዓመት ይገባል። ሁለቱም ከተናገሩ አምስት አምስት። «አጎቴ፣ አንተ ብትሆን ትናገራለህ?» አለኝ።

ሻዬን አማሰልኩ። ለእሱ ያልመለስኩትን ለእናንተ ልጻፍ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ድሬዳዋ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራው የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ምሳውን ብቻውን የማይበላ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የስኳር መኪና ገባ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሳንቆጥር ፈርመን ተረከብን። ሁለታችንም። በቆጠራ 11 ጆንያ ጎደለ።

አለቃችን ለየብቻ ጠሩን። እሱ ቀድሞ ገባ። ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። እኔ ስገባ «ጓደኛህ ሁሉን ተናግሯል» አሉኝ። አመንኩ። «መቁጠር የእሱ ሥራ ነበር» አልኩ። ለካ እሱ ትንፍሽ አላለም። እሱ ተባረረ። እኔ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ።

ሚስቴ እርጉዝ ነበረች። ሰበብ እየፈለግኩ እንዳይመስላችሁ። እየፈለግኩም ይሆናል።

የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ በስሌቱ ይህ የእስረኞች ጨዋታ አንዴ ብቻ ከሆነ መናገር ያዋጣል። ሌላው ዝም ካለ ነፃ ትወጣለህ፤ ከተናገረም 10ሩ አምስት ይሆንልሃል። ግን ሮበርት አክስልሮድ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ጨዋታውን የሚደጋግሙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን አወዳድሮ ነበር። ያሸነፈው የአናቶል ራፖፖርት አጭር ፕሮግራም ነው። በመተባበር ይጀምራል፤ ከዚያ ሌላው ያደረገውን መልሶ ያደርጋል። ቂምም አይዝም።

ድሬ ላይ ደግሞ አንዴ ብቻ የሚባል ጨዋታ የለም። ከዚራ ሰፈር ያመለጥከውን ሰው ታይዋን ገበያ ታገኘዋለህ።

የዛሬ ልጆች የጓደኛን ቻት ስክሪንሾት አድርጎ ማስቀመጥ ብልጠት ይመስላችኋል። ያስጠላኛል። ግን ያን ቀን እሱ ያለውን የሚያሳየኝ አንድ ወረቀት ባገኝ ኖሮ አልሸወድም ነበር። እንግዲህ ምን ልበላችሁ? «ጓደኛህ ተናግሯል» ሲሏችሁ፣ «እስቲ እፊቴ ይድገመው» በሉ። እኔ ይቺን ማለት አቅቶኝ ነው።

ከዓመታት በኋላ ቀፊራ ገበያ ብርቱካን ሲሸጥ አገኘሁት። «ወርያ፣ ጠፋህ እኮ!» ብሎ አቀፈኝ። አንድ ኪሎ መዘነልኝ፤ ሁለት ፍሬ ምርቃት ጨመረበት።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካን የምገዛው ሌላ ቦታ ነው።