የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዘፈኔ የት ላይ ይብቃ?

ጥያቄ፦ ግጥምና ዜማ እሠራለሁ። ቤቴ ውስጥ የቀዳሁትን አንድ ዘፈን ልኬላችኋለሁ፤ ርዝመቱ 6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነው። አቀናባሪው ከግማሽ በላይ ቁረጥ ይለኛል። እኔ ግን የምጥለው ስንኝ አጣሁ። ምኑን ልቁረጥ? (ከጀሞ 3)

መልስ፦ ዘፈንዎን ደጋግመን ሰማነው። ዜማው ልብ ይነካል፤ አቀናባሪውም ልክ ነው።

መጀመሪያ ጊዜው የት እንደሄደ እንቁጠር። ፍጥነቱ በደቂቃ 100 ምት ስለሆነ ባለ 4 ምቱ ባር (ሙዚቃው የሚለካበት አንድ ክፍል) 2.4 ሰከንድ ይፈጃል። መግቢያው 16 ባር፣ አምስቱ አርኬዎች (በአዝማቾቹ መሃል ያሉት የግጥም ክፍሎች) 40፣ ከየአርኬው በኋላ የሚመጣው አዝማች 40፣ ሁለቱ የኪቦርድ ጨዋታዎች 32፣ መጨረሻ ላይ ሦስቴ የተደገመው አዝማች 24፤ በድምሩ 152 ባር ነው።

መግቢያው ብቻውን ከ38 ሰከንድ ያልፋል። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ እስከዚያ ድምፅዎ አልተሰማም። 4 ባር ይበቃዋል። ከዚያ በታች ግን አይውረዱ፤ ቅኝቱ ጆሮ ውስጥ ሳይገባ የሚጀምር ዘፋኝ፣ በተለይ መድረክ ላይ፣ መነሻ ድምፁን ይስታል።

ዋናው ጉዳይ ግጥሙ ነው። 2ኛው አርኬዎ ላይ እንዲህ ይላሉ፦

ዕጣው ላንቺ ደርሶ ጀሞ ገባሽ አሉ፣
ዕጣ አውጪዎች ሁሉ የኔን ስም ዘለሉ።

ሰሙ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፣ ወርቁ በፍቅር የቀረ ሰው ዕጣ ፈንታ። ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ሲወርድ አንድም ቃል አይጎረብጥም። እንዲህ ያለ ስንኝ በየቀኑ አይገኝም። ወዲያው 3ኛው አርኬ ላይ ግን «ቤት አይደለም ያልኩሽ፣ ፍቅርሽን ነው እንጂ» ብለው ፈቱት። አድማጩ ወርቁን ራሱ ሊያወጣ ሲል ከእጁ ነጠቁት፤ ደስታው ደግሞ ማውጣቱ ላይ ነበር። ስለዚህ 3ኛው ይውጣ። 5ኛው የ1ኛውን ሐሳብ በሌላ ቃል ስለሚደግም እሱም ይውጣ። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጠብቃትን ሰው የሚያሳየው 4ኛው አርኬ ይቆይ፤ ከ1ኛው ቀጥሎ ይግባ። የዕጣው አርኬ መዝጊያ ይሁን፤ ከእሱ በኋላ የሚባል ነገር የለም።

ለመጣል የሚያሳሳዎት አርኬ ካለ፣ ያለ እሱ ዘፍነው ዘፈኑን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ያሰሙ። «ማን? የት?» ብሎ ካልጠየቀ አርኬው አያስፈልግም።

እንግዲህ መግቢያ 4፣ ሦስት አርኬ 24፣ አዝማች 24፣ አንድ የኪቦርድ ጨዋታ 8፣ የአዝማች ድግም 8፦ 68 ባር፣ 2 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ። የኪቦርዱን ጨዋታ ጨርሰው አያጥፉት፤ ከመጨረሻው አርኬ በፊት ጆሮ እረፍት ይፈልጋል። አጠረ ብለውም አይፍሩ። 6 ደቂቃን ያስለመደን ካሴት ነው፤ 60 ደቂቃውን በ10 ዘፈን ለመሙላት ለአንዱ 6 ደቂቃ ይደርሰዋል። ከዚያ በፊት ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ግድም ነበር፤ ያን ጊዜ የተቀዱ ዘፈኖች ዛሬም ይዘፈናሉ።

ሲቆርጡ የሚበላሽ አንድ ነገር አለ። «ዕጣው» የሚለው ቃል ከ1ኛው ምት ትንሽ ቀድሞ ይነሳል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ልክ ምቱ ላይ ከቆረጡ «ጣው» ብቻ ይቀራል፣ ከፊቱ ያለው አዝማች ሪቨርብም (ድምፁ ካቆመ በኋላ የሚያስተጋባው) በመሃል ይበጠሳል። የሙዚቃውን ባር ቆርጠው ከገጠሙ በኋላ ድምፁን እንደገና ይቅዱት።

ጥያቄ፦ ዘፈን ሲያልቅ ድምፁ እየቀነሰ ይጥፋ ወይስ በአንዴ ይቁም? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ይቁም። እየቀነሰ የሚጠፋ ዘፈን ሠርግ ላይ ባንድ ሲጫወተው መጨረሻ የለውም፤ ከበሮው ሲያቆም ቤዙ ይቀጥላል። የመጨረሻው አዝማች የመጨረሻ ቃል ላይ ሁሉም መሣሪያ በ1ኛው ምት አንድ ላይ ይምታና ዝም ይበል፤ ዘፋኙ ቃሉን ብቻውን ይጨርስ። ሪቨርቡ እስኪሞት 2 ሰከንድ ያህል ይተዉለትና ፋይሉን እዚያው ይዝጉት።