ከሃይስኩል ወደ ጦር አውሮፕላን፦ አሜሪካ ላሉ የሐበሻ ልጆችና ወላጆች ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ አየር ኃይል በመኮንንነት አገልግያለሁ። አሁን በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ልጆቻችን ማመልከቻ ሲሞሉ አግዛለሁ። የምመልሰው ስለ አሜሪካ ጦር ብቻ ነው። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 10ኛ ክፍል ነኝ፤ ኤፍ-16 ማብረር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከአውሮፕላኑ በፊት ወረቀትህን እይ። በአየር ኃይል፣ በባሕር ኃይልና በማሪን አብራሪ የሚሆነው መኮንን ነው። መኮንን ለመሆን ደግሞ የአሜሪካ ዜግነትና የኮሌጅ ዲግሪ ያስፈልጋል። በሦስት መንገድ ይገባል፦ በወታደራዊ አካዳሚ፣ ሲቪል ዩኒቨርሲቲ እየተማርክ በሚሰጥ የመኮንንነት ሥልጠና (አር.ኦ.ቲ.ሲ. የሚባለው)፣ ወይም ዲግሪህን ከጨረስክ በኋላ በመኮንኖች ማሠልጠኛ። በማንኛውም ብትገባ የበረራ ሥልጠናው ቦታ በውድድር ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ውጤትህ ይቆጠራል፤ ሒሳብና ፊዚክስን አትሽሻቸው።

ጥያቄ፦ በዲቪ መጥቼ ሲቲዝን ሆኛለሁ። ልጄ ግን እስካሁን ግሪን ካርድ ነው ያለው። ይከለክለዋል?

እህቴ፣ ልጅሽ ሳያውቀው ሲቲዝን ሊሆን ይችላል። አንቺ ቃለ መሐላ ስትፈጽሚ ዕድሜው ከ18 በታች ከነበረ፣ ግሪን ካርድ ከነበረውና እዚሁ አሜሪካ በሕጋዊ አሳዳጊነትሽ ሥር አብሮሽ ይኖር ከነበረ፣ በሕጉ መሠረት ያን ዕለት ዜጋ ሆኗል። ይህ ከ2001 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነው። ግን ማንም ወረቀት በፖስታ አይልክለትም፤ አንቺ ነሽ ማውጣት ያለብሽ። የዜግነት ሰርተፍኬትሽን፣ የሱን ግሪን ካርድና የልደት ሰርተፍኬቱን ከነትርጉሙ ይዘሽ ፓስፖርት አመልክቺለት።

እዚህ ላይ የኛ ሰው የሚቸገረው በስም ነው። የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም አይገጥምም፣ ምክንያቱም የልጁ የአባቱ ነው፣ የእናቲቱም የአባቷ ነው። ከዚያ ደግሞ ዮሐንስ የሚለው ስም በልደት ሰርተፍኬቱ ባለ አንድ «ኤን»፣ በግሪን ካርዱ ባለ ሁለት፣ በትምህርት ቤት ደግሞ በሌላ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሚታረመውን ዛሬ አስጀምሩ፤ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ጊዜ አይበቃም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አምስት ዓመቴን ከሞላሁ ቆየሁ፣ ግን ለዜግነት አላመለከትኩም። ልጄ 16 ዓመቷ ነው።

ወንድሜ፣ እባክህ አትዘግይ። መሐላህን ከ18ኛ ልደቷ በፊት ከፈጸምክ እሷም አብራህ ትሆናለች። ካለፈ ራሷ አምስት ዓመቷን ቆጥራ ማመልከት ይኖርባታል። የአካዳሚና የስኮላርሺፕ ዕድል በእንዲህ ዓይነት መዘግየት ሲያመልጥ ያናድደኛል፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም።

ጥያቄ፦ አካዳሚ ለመግባት የኮንግረስ ሰው ማወቅ አለብን ይላሉ። እውነት ነው?

ማወቅ አያስፈልግም፤ ማመልከት ነው። ለአየር ኃይል አካዳሚ (ኮሎራዶ ስፕሪንግስ)፣ ለባሕር ኃይል አካዳሚ (አናፖሊስ) እና ለምድር ጦር አካዳሚ (ዌስት ፖይንት) የእጩነት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የአካባቢያችሁ የኮንግረስ ተወካይ፣ ሁለቱም የስቴታችሁ ሴናተሮች፣ እንዲሁም ምክትል ፕሬዚዳንቱ እጩ ያቀርባሉ፤ ለሁሉም አመልክቱ። ዲሲ የምትኖሩ ሴናተር ስለሌላችሁ በዲሲዋ የምክር ቤት ተወካይ ቢሮ በኩል ነው። የየቢሮው መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ 12ኛ ክፍል በተጀመረበት መኸር ላይ ስለሚውል፣ ሥራው የሚጀመረው 11ኛ ክፍል ሳይጠናቀቅ ነው። ትምህርቱ ከነምግቡና ከነመኝታው በነፃ ነው።

ካልተሳካ አታልቅሱ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአየር ኃይል አር.ኦ.ቲ.ሲ. አላቸው፤ ከቤት ሳይርቁ የሚማሩበት ነው። የስኮላርሺፑ ማመልከቻ ከ12ኛ ክፍል በፊት ባለው ክረምት ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ሞል ውስጥ ያለው ሪክሩተር «ፈርም፣ ፓይለት ትሆናለህ» አለኝ።

አትፈርም። እሱ በአብዛኛው ተራ ወታደር ነው የሚመለምለው። ተራ ወታደርነት የተከበረ አገልግሎት ነው፣ ወደ መኮንንነት የተሻገሩም አሉ፤ ግን የፈረምከው ውል ላይ የበረራ ሥልጠና ካልተጻፈ የቃል ተስፋ ዋጋ የለውም። «የመኮንኖች መልማይ የት ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ ቢሮውም ሰውየውም ሌላ ነው። ውሉን ከወላጆችህ ጋር ሆነህ ቤት አንብበው። ማሪን ግን በኮሌጅ ላሉ ተማሪዎች ቀድሞ የበረራ ቦታ የሚያረጋግጥ ውል ስላለው እሱን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኮሌጅ ሳይማሩ ማብረር አይቻልም?

አንድ በር አለ፦ የምድር ጦር ሄሊኮፕተር። ዋራንት ኦፊሰር ለሚባለው ማዕረግ የሃይስኩል ዲፕሎማ ይበቃል። ዜግነት፣ 18 ዓመት፣ የፈተና ውጤትና የበረራ የጤና ምርመራ ይጠየቃል። ሥልጠናው አላባማ፣ ፎርት ራከር ነው፤ ብላክ ሆክ፣ ቺኑክ፣ አፓቼ ይበራል። ውድድሩ ከኮሌጅ ምሩቃን ጋር ጭምር ስለሆነ ቀላል አይምሰልህ።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ። አለቀልኝ?

አላለቀልህም። ገደብ አለው፣ ግን መነጽር ብቻውን አይጥልም፤ የዓይን ሌዘር ያሠራም የጥበቃ ጊዜውን ጨርሶ ምርመራውን ካለፈ ይቀበሉታል። ዶክተር ሳታማክር ግን ለዚህ ብለህ አትሠራ። ቀለም መለየት አለመቻል ነው ከባዱ፤ አሁኑኑ ተመርመር።

ከዓይን ይልቅ ብዙ ልጅ የሚጥለው አስም ነው። ከ13 ዓመት በኋላ አስም እንዳለብህ ከተመዘገበ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠህ አትገባም። ልጅ ጉንፋን ይዞት አስቸኳይ ክሊኒክ ይወሰዳል፤ ለሳሉ ኢንሄለር ይታዘዝለታል፤ መዝገቡ ላይ «አስም» ተብሎ ይጻፋል፤ ቤተሰቡም ይረሳዋል። ጦሩ ዛሬ የሲቪል ሕክምና መዝገብ በኮምፒውተር ያያል። ወላጆች፣ የልጃችሁን መዝገብ ጠይቃችሁ አንብቡ። ስህተት ካለ ከሐኪሙ ጋር በሕጋዊ መንገድ ይስተካከል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ እውነቱን ጻፉ። መዋሸት ከበሽታው በላይ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ማሪዋና በዲሲም በሜሪላንድም ተፈቅዷል። ታዲያ ምን ችግር አለው?

በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም፤ ጦሩ የሚከተለውም እሱን ነው። ይህ ጫትንም ይመለከታል። በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ተርታ ነው። «ከአጎቴ ጋር ሰርግ ላይ ነው» የሚል መልስ አያድንም። አዋቂዎች፣ ልጆቹን አታስቀምሱብን።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ቁመቴም አጭር ነው።

አመልክቺ። ሴቶች በአየር ኃይል ተዋጊ ጀት ማብረር የጀመሩት በ1993 ነው። አየር ኃይሉ በ2020 ለሁሉም በአንድ ይጠቀምበት የነበረውን የቁመት ገደብ አንስቷል፤ አሁን የመቀመጫሽን ቁመት፣ እጅሽንና እግርሽን ለክተው የትኛው አውሮፕላን እንደሚመጥንሽ ያያሉ። ራስሽን በቤት ሜትር ለክተሽ አትቅሪ።

ጥያቄ፦ የግል በረራ ትምህርት አቅማችን አይደለም።

ግዴታ አይደለም። የበረራ ሰዓት በአየር ኃይል የአብራሪ ምርጫ ነጥብ ላይ ይጨምራል፣ ያለሱም የተመረጡ ብዙ ናቸው። ሲቪል ኤር ፓትሮል የሚባለው የአየር ኃይሉ የበጎ ፈቃደኞች ረዳት ድርጅት ከ12 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፤ ግሪን ካርድ ያለውም ይገባል፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ አምስት ጊዜ በሞተር አውሮፕላን፣ አምስት ጊዜ በግላይደር (ሞተር በሌለው አውሮፕላን) በነፃ ያበራል። ያንግ ኢግልስ የሚባለው ደግሞ ከ8 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ ጊዜ በነፃ ያበራል። ሃይስኩላችሁ የአየር ኃይል ጁኒየር አር.ኦ.ቲ.ሲ. ካለው ግቡ፤ የውትድርና ግዴታ የለበትም።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ነው የሚያስሩት? ልጄን ለጦርነት መስጠት ይከብደኛል።

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። በአየር ኃይል የአብራሪነት ሥልጠና ከጨረሰ በኋላ 10 ዓመት ነው። ኮሌጅና ሥልጠና ሲጨመር ልጅዎ ሠላሳዎቹን ያጋምሳል። በዘብ ጦር (ናሽናል ጋርድ) በኩል የሚገቡ ሲቪል ሥራ እየሠሩ ያበራሉ፤ 113ኛ ክንፍ የሚባለው የዲሲ ዘብ ጦር ክፍል ሜሪላንድ ካለው የአንድሪውስ ጦር ሰፈር ኤፍ-16 ያበራል፣ አብራሪዎቹንም ራሱ ይመርጣል። እነሱም ግን ይዘምታሉ። ሳይፈርም ይህን ሁሉ አብራችሁ ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ አባቴ «ይህ የነጮች ሙያ ነው» ይላል።

ለአባትህ ስለ ጆን ሮቢንሰን ንገረው። ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነበር፤ በ1935 ከቺካጎ ተነሥቶ ኢትዮጵያን ከጣሊያን ለመከላከል መጣ። ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ ያረፈውም በ1954 አዲስ አበባ ነው።

ጥያቄ፦ አያቶቼና አክስቶቼ ኢትዮጵያ ናቸው። የደኅንነት ማጣሪያው ላይ ይጥለኛል?

ዘመድ መኖሩ ብቻውን አይጥልህም፣ መደበቁ ይጥልሃል። ቅጹ ላይ የቅርብ ዘመዶችህን ስም፣ የተወለዱበትን ቀንና አድራሻቸውን ይጠይቅሃል። አያቶቻችን የተወለዱበትን ቀን በኛ አቆጣጠር ነው የሚያውቁት፤ ስለዚህ ስትደውል «የተወለዱት መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅና በፈረንጅ አቆጣጠር ቀይረህ ደብተርህ ላይ ያዘው። ወደ ኢትዮጵያ የሄድክባቸውን ቀናት፣ ገንዘብ ከላክህም ለማን እንደሆነ፣ እዚያው ጻፍ።