ቢራ ያወፍራል ከተባለ ወንድምሽ ለምን ከሳ?

እህቴ፣ ጅማ የሚማረው ወንድምሽ ለበዓል ሲመጣ ከስቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ አየሽው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንደሚጠጣም ሰማሽ። «ቢራ ያወፍራል ይባል የለ፣ ታዲያ ምን ነካው?» ብለሻል። እኔም ጅማ ስማር በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን ውሎውን ጠይቂው። የእኛ ውሎ እንዲህ ነበር። ምሳ ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀመስ አድርገን ወደ ጫት። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እራት ሳንበላ ይመሻል። ከዚያ የጫቱን ምርቃና ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም በባዶ ሆድ ቢራ ወይ አረቄ። ጠዋት ሌላው ቁርሱን ሲበላ እኛ እንቅልፍ ላይ ነን። ቁርስም ምሳም እራትም እንዲህ ይሄዳል።

ቢራ ኃይል የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፣ የስኳር 4 ነው። ግን ጡንቻ የሚሠራ ፕሮቲን ከዚያ አይገኝም። በዚያ ላይ አልኮል ሲበዛ አንጀት ቫይታሚን ቢ1ንና ፎሌትን በደንብ አይቀበልም፤ ዚንክና ማግኒዚየም ደግሞ በሽንት ይወጣሉ። በልቶ ቢራ የሚደርብ ሰው ይወፍራል፤ በምግብ ፋንታ የሚጠጣ ግን ይከሳል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ጠዋት ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ያልበኝ ጀመር። የጫቱ ነው ብዬ ነበር። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ትናንት ማታ ምን በላህ?» ብላ ነው። ምንም አልበላሁም ነበር። ሆዱ ባዶ በሆነ ሰው ጉበት አልኮሉን ሲያቃጥል አዲስ ስኳር መሥራት ያቅተዋል፣ የደም ስኳር ይወርዳል ብላ አስረዳችኝ። ያን ቀን በጣም ደነገጥኩ።

እኔን የረዳኝ ኮንትራት መብላት ነው። ኖን ካፌ፣ ማለትም በግቢው ካፌ ከመብላት ይልቅ የምግቡን ብር የሚቀበል ተማሪ ስለነበርኩ፣ ብሩ እጄ ላይ ሲገባ በሳምንት ያልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና እንደደረሰኝ ሽሮ ለምትሸጥ እናት የወሩን ከፈልኩ። የተከፈለበት ምግብ አይቀርማ! እራት በልቼ ስወጣ የምጠጣውም በራሱ ቀነሰ። አቮካዶና እንቁላልም ጨመርኩበት፤ ጅማ አቮካዶ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ «ዛሬውኑ አቁም» አትበይው። ሰውነቱ ከለመደ በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው፣ ሐኪም ይየው። ካልሆነ ግን ከኮንትራቱ ጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ወር አንቺ ክፈይለት።