«የሰርግ ኪቦርድ የትም አያደርስም» ለሚሉ አባት

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ 11ኛ ክፍል ይማራል። ቅዳሜና እሁድ ከሰርግ ባንድ ጋር ኪቦርድ ይጫወታል። አሁን ደግሞ «የጃዝ ፒያኒስት ነው የምሆነው» ብሎ ድርቅ አለ። አባቱ «ጃዝ ውጭ የተማሩ ሰዎች ነገር ነው፤ የሰርግ ኪቦርድ የትም አያደርስም» ይላል። ለመሆኑ እነዚህ ስመ ጥር የጃዝ ሰዎች ከምን ተነስተው ነው?
እናቱ ነኝ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ባለቤትዎ ያሉት ከፊሉ እውነት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የተማረው ውጭ ነው፤ መጀመሪያ ለንደን፣ ቀጥሎ አሜሪካ፣ ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ። በርክሊ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪም እሱ ነው። ግን ከአገር የወጣው ለሙዚቃ አልነበረም። የጅማው ልጅ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነው።

ሌሎቹ የተነሱት ከቅርብ ነው። ጌታቸው መኩሪያ በክራርና በማሲንቆ ጀመረ። ከዚያ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። ያ ብዙዎች የተደነቁበት የሳክስፎን አነፋፉ ከየት መጣ ካሉኝ፣ ከሽለላ ነው። ሸላይ በጉሮሮው የሚያወጣውን ቁጣ፣ ማጓራቱን፣ የድምፁን መንቀጥቀጥ በሳክስፎን አመጣው። የውጭ ሰዎች ሲሰሙት ከፍሪ ጃዝ፣ ማለትም ከተለመደው የጃዝ ሥርዓት ወጥቶ በነፃነት ከሚጫወቱት ጃዝ ጋር አመሳሰሉት።

ኃይሉ መርጊያ ደግሞ አኮርዲዮን ይዞ ተነሳ። ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ለእንግዳና ለጨፋሪ ሲጫወት ኖረ። በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ይለማመዳል። ይቺን ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ። የጃዝ ተጫዋች ባይሆንም የእኛው የድሬው አሊ ቢራም ገና በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር እዚሁ ዘፍኖ ነው ኋላ የክቡር ዘበኛ ባንድ የገባው።

ስለዚህ ሰርጉን አይናቁበት። ድሬ ላይ የሰርግ ኪቦርዲስት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛ፣ አማርኛ ሁሉንም ይጫወታል። ዘፋኙ ሳይነግረው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እግር በእግር ተከትሎት ይወጣል። እንዲህ ያለ ጆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። እኔ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ኪቦርድ አስተምራለሁ። ከሰርግ ባንድ የመጣ ልጅ ገና ሲቀመጥ ያስታውቃል። ቀኝ እጁ ይበራል፤ ግራ እጁ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ተጭኖ ዝም ይላል። ድራሙንና ቤዙን ማሽኑ ይሠራለታላ! ጃዝ ላይ ደግሞ ማሽኑ የለም። እና ማታ ማታ ስታይሉን፣ ማለትም ኪቦርዱ በራሱ የሚሠራውን አጃቢ፣ ያጥፋና ትዝታን ለብቻው ይጫወት። በቀኝ እጁ አምስቱን ድምፆች ብቻ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በግራ እጁ ፋ እና ሲ ያለባቸውን ኮርዶች ቀስ እያለ ያስገባ። አንዳንዱ ኮርድ ዜማውን ያደምቀዋል፤ አንዳንዱ ትዝታነቱን ድራሹን ያጠፋዋል። የቱ የቱን እንደሆነ በጆሮው ይለይ። የኢትዮ ጃዝ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ ሙላቱም የለፋው እዚህ ላይ ነው።

ትምህርቱን ግን እንዳያቋርጥ፤ እዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ሆኖ በዲግሪ ያስተምራል። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ የተማረው እዚያ ነው። ልጅዎ ወደዚያ የሚያስብ ከሆነ 12ኛን በደህና ውጤት ይጨርስ፤ በፈተና ሰሞን የሰርግ ሥራ ይቅር። ኖታ ማንበብም ከአሁኑ ይጀምር። በጆሮ ብቻ ያደጉ ልጆችን የሚያስቸግራቸው እሱ ነው።

ፒያኖ ለመግዛትም አይቸኩሉ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ካለው ለጊዜው ይበቃዋል። ገንዘቡን ኖታ ለሚያስተምረው ሰው ይክፈሉበት።