ዛንዚባር ሄጄ ምን ልብላ? ጥያቄና መልስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር ይበራልና ጠያቂው ብዙ ነው። እኔ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ በሆነው ስቶን ታውን ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ፦ ዋጋ ሳትስማሙ አትብሉ። ዓይናችሁ እያየ ያልተጠበሰ የባሕር ምግብ አትንኩ።

ከአዳማ፦ ፎሮዳኒ የሚባለው የማታ ገበያ እንዴት ነው?

ሂዱ፣ ግን ተጠንቀቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ዳር ጠረጴዛ ይደረደራል። እንጨት ላይ የተሰካው ኦክቶፐስና ሎብስተር ያስጎመጃል። አንዳንዱ ግን ቀድሞ የበሰለ ነው፤ ስታዙ ይሞቃል እንጂ አይጠበስም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ጋ በልቼ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። እዚያ የዛንዚባር ፒዛ ብሉ። ሊጡን በእጁ እንደ ወረቀት ያሳሳዋል። የተፈጨ ሥጋና ሽንኩርት ያደርግበታል፣ እንቁላል ይሰብርበታል፣ እንደ ፖስታ አጥፎ ብረት ምጣድ ላይ ይጠብሰዋል። ሁሉም ፊታችሁ ነው የሚሠራው።

ከሐዋሳ፦ ዋጋው ስንት ነው?

የምኑ? የፒዛው? የሆቴሉ? ለይታችሁ ጠይቁኝ። ለማንኛውም በስዋሂሊ «ቤይ ጋኒ?» በሉ፣ «ስንት ነው?» ማለት ነው። ከተስማማችሁ በኋላ ብሉ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጾም ላይ ነው የምሄደው። ይርበኝ ይሆን?

ኧረ በፍጹም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ደሴቱ የኮኮናት አገር ነው። ኮኮናቱ ተፈቅፍቆ ይጨመቅና ወተት ይወጣዋል፤ የላም ወተት አይደለም። ባቄላ መሰሉን ማሃራጌ በእሱ ይሠሩታል፣ ሩዙንም እንዲሁ። ምቺቻ የሚሉት ቅጠል ከጎመናችን ብዙም አይርቅም። ምኩናዚኒ ሰፈር፣ ትልቁ የባኦባብ ዛፍ አጠገብ፣ ሉክማን የሚባል ምግብ ቤት አለላችሁ። ምግቡ ተደርድሮ ይታያል፣ በጣት እያሳያችሁ ታዛላችሁ። ከሁሉ ግን ኡሮጆን አትለፉ! በእርድ የወየበ፣ በማንጎና በሎሚ የኮመጠጠ ትኩስ ሾርባ ነው። ውስጡ ድንችና ከሽምብራ ዱቄት የተጠበሰ ባጂያ ይገባል፣ ላዩ ላይ የካሳቫ ጥብስ ይነሰነሳል። «ቢላ ኛማ፣ ቢላ ማያይ» በሉ፣ ሥጋና እንቁላል አይገባበትም። እኔ ከሥራ ስወጣ ቆሜ ነበር የምጠጣው፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ምራቄን እውጣለሁ።

ከጎንደር፦ ዓሣ እያለ ምን ያስጨንቃል? ዓሣ እኮ አያስገድፍም።

ከደሴ፦ ማን አለ? ያስገድፋል እንጂ! እናቴ በዐቢይ ጾም ዓሣ ቤቷ አታስገባም።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ እኛ ጋ የሚበላም የማይበላም አለ።

ወገኖቼ፣ ይህን ለንስሐ አባታችሁ። ወደ ምግቡ እንመለስ።

ከዱባይ፦ ቢራ አለ?

ሆቴሎችና የቱሪስት ቤቶች አለ። ሉክማን ጋ ግን የለም። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን ቀን አደባባይ ላይ አትብሉ፣ ውኃም ቢሆን አትጠጡ።

ከአዲስ አበባ፦ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ያለው ምግብ ቤትስ?

ዘ ሮክ ነው፣ ፒንግዌ። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር፣ ሲሞላ በጀልባ ይገባል። ውድ ነው፤ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ።

ከመቀሌ፦ ፎሮዳኒ ምን ልብላ?

ከላይ መልሻለሁ እኮ! እባካችሁ አንብቡ። ዋጋ ተስማሙ፣ ፊታችሁ የሚጠበሰውን ብሉ።

ከባሕር ዳር፦ ቡና የሚጠጣበት አለ?

ስቶን ታውን ውስጥ ጃውስ ኮርነር ሂዱ። ሽማግሌዎች የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ቡናው ከሰል ላይ በተጣደ ረጅም ማንቆርቆሪያ ይመጣል። ሲኒዋ ልክ እንደ እኛዋ ጆሮ አልባ ናት። ቡናው ጥቁርና መራራ ነው፤ ስኳር አትጠይቁ። ከኦቾሎኒ ወይም ከኮኮናት የሚሠራ ካሻታ የሚባል ጣፋጭ አለ፣ እሱን እየቆረሱ ነው የሚጠጡት። እኔ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ሁለተኛውን ሲኒም ሳልጠይቅ ቀዱልኝ።